እማን አንቺ በሏት

1.

እናቴ ጂሙ መሃል በሆዷ ተኝታለች። ጭኗ ስር ሮለር አለ። ከቀሚሷ ስር የኔን ቱታ ለብሳለች፤ ነጠላዋን ግን አላወልቅም ብላ ወገቧ ላይ አስራዋለች። በክርኗ እየተገፋች ወደፊት ትሄዳለች፣ ወደኋላ ትመለሳለች። ስትመለስ በጥርሷ መሃል «ይገባኛል» ትላለች። ስትሄድም «ይገባኛል»።

ግድግዳው ዙሪያውን መስታወት ነው። ስለዚህ እናቴ አንድ አይደለችም። ወደ በሩ ብዞር እናቴ፣ ወደ መስኮቱ ብዞር እናቴ። ሁሉም በሆዳቸው ተኝተው ይገባኛል ይላሉ።

ቢረሳው፣ ጂማችን ውስጥ አንደኛ ብረት የሚያነሳው ልጅ፣ ብረቱን አስቀመጠና «ምንቴ፣ የእኚህ እናት ጥፋታቸው ምንድነው?» አለኝ።

አፈርኩ።

2.

ቆይ። ከመሃል ጀመርኩ መሰለኝ።

ስሜ ምንተስኖት ነው፤ ምንቴ ነው የሚሉኝ። አዳማ ውስጥ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጂም አለ፣ እዛ ነው የምሰራው። መስታወት እወለውላለሁ፣ ሙዚቃ እከፍታለሁ፣ ብረት ጥሎ የሚሄደውን እሰድባለሁ። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያየን። ስለዚህ ይሄን እንደ ወሬ አንብበው። ወሬው ሲያሳፍረኝ አቆምና ቁጥር አደርጋለሁ። ቁጥር ባየህ ቁጥር፣ ምንቴ እዚህ ጋ ፊቱን ሸፍኖ ነበር በል።

3.

ለማያውቅ፦ ሮለር ማለት የጎረምሳ ጭን የሚያህል ጠንካራ ስፖንጅ ነው። ላዩ ጎርበጥበጥ ያለ። መሬት ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ትተኛበታለህ፣ በገዛ ክብደትህ ራስህን ትፈጫለህ። ወጌሻ ጋ ሄደህ የምትጮኸውን ጩኸት እዚህ ብቻህን ትጮሃለህ። የታሰረው ስጋ ይፈታል፣ ጎንበስ ቀና ማለት ይቀላል ይባላል።

የጂሙ ባለቤት ኮች ዳኘው ሮለር ይለዋል። ቢረሳው ሮሎ ይለዋል፣ አስፋልት የሚዳምጠውን ማሽን ማለቱ ነው። እማ መዳመጫ ትለዋለች። ስትነሳ «ዛሬስ ሊጥ አደረጋችሁኝ» ትላለች።

ስትነሳ ማለቴ፣ ስናነሳት።

4.

ነገሩን ሁሉ ያመጣችው ሔርሜላ ናት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ፊዚዮቴራፒ ነው የምትማረው፤ ማለት ወጌሻነት በነጭ ጋውን። የመመረቂያ ፅሁፏ ይሄ ነው፦ ሰው በሮለር ራሱን ሲያሽ ሰውነቱ ይላላል ወይ፣ ከላላስ ወንድና ሴት እኩል ይላላሉ ወይ። ኮች ዳኘው እኛ ጂም ውስጥ እንድትሞክር ፈቀደላት። ወንዶቹ ወዲያው ተመዘገቡ፤ ለሳይንስ አይደለም፣ ሔርሜላ ቆንጆ ስለሆነች ነው። ሴት ግን ጠፋ። «የሆነ ነገር ፅፈህ በር ላይ ለጥፍልኝ» አለችኝ።

ምን ብዬ ልፃፍ ስላት፣ ሰው ራሱን በራሱ የሚያሽበት ዘዴ ነው በል አለችኝ። እኔም በቀይ ማርከር፣ በትልቁ፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ፦

ሴቶች!
ራስን በራስ ማሸት በነፃ እናስተምራለን።
ወንዶቹ ጀምረዋል። በጣም ተደስተዋል።
2ኛ ፎቅ*

* አንደኛው ጆሮዬ ቃሉ ምን እንደሚመስል ያውቅ ነበር። ሁለተኛው አያውቅም ነበር። ያወቀው ጆሮ ዝም በል አለኝ።

5.

የመጡት፦ የሀይስኩል ጎረምሶች፣ እየተገፋፉ።

ያልመጡት፦ ሴቶች።

ዳቦ ቤት ያሉት ሀጂ ፊታቸውን አዙረው ዳቦዬን በመስኮት አቀበሉኝ። ኮች ዳኘው ወረቀቱን ቀዶ አፌ ውስጥ ሊከተው ነበር። ሔርሜላ አነበበችው። ጆሮዋ ብቻ ቀላ።

6.

ሔርሜላ፦ ምንቴ፣ ሴት ያስፈልገኛል።

እኔ፦ እኔም።

ሔርሜላ፦

እኔ፦ እሺ፣ ይቅርታ።

ሔርሜላ፦ አንተ ያባረርካቸውን አንተ ትመልሳለህ። እናት የለህም?

7.

አለችኝ።

8.

እናቴ ወይዘሮ አፀደ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ስፌት ማሽን ላይ እንደተቀመጠች ትውላለች፤ ማታ ስትነሳ ወንበሩን ይዛ የምትነሳ ነው የሚመስለው። ወገቧ ግትር፣ ጭኗ ግትር። አፏ ብቻ ነው የሚታጠፍ የሚዘረጋው።

ይሄን ሁሉም ያውቃል። አንድ ነገር ግን ከኔና ከሷ በቀር ማንም አያውቅም። እሷ ፃፈው ባትለኝ ሞቼ አልፅፈውም ነበር።

አምና በስቅለት ቤተክርስቲያን ሄደች። ሰው ሲሰግድ ሰገደች። ወደቀች፣ ተነሳች። ወደቀች፣ ተነሳች። አንዴ ወደቀችና ወገቧ ከዚህ በኋላ አላውቅሽም አላት። ተቆለፈች። ግንባሯ መሬት ላይ፣ ክርኗ መሬት ላይ፣ ሌላው ሰማይ። አንሱኝ ብላ እንዳትጠራ አፈረች። በቃ ዝም ብላ ቆየች። ሰው በዙሪያዋ ይወድቃል ይነሳል፣ እሷ እዛው ናት።

አንዷ «ተመሰጠች» አለች።

ሌላዋ «አትንኳት፣ ከእግዜር ጋር ናት» አለች።

እማ ከህመሙ ብዛት ማልቀስ ጀመረች። «እንባ ተሰጣት» አሉ። መሽቶ ህዝቡ ሲበተን ሁለት ሴቶች እንደ ታቦት ቀስ አድርገው አነሷት። ግንባሯ ያረፈበትን አፈር አንዷ በመሃረብ ቋጥራ ወሰደች።

9.

በማግስቱ እትዬ ብርዙፍ መጡ።

እትዬ ብርዙፍ ጎረቤታችን ናቸው። ከእማ ጋር እኔ ሳልወለድ ነው ጓደኝነታቸው። ጠዋት ጠዋት አጥሩን ደብድበው «አንቺ ቀውስ፣ አልሞትሽም?» ይላሉ፤ እማ «አንቺን ሳልቀብር?» ትላለች። የሰፈሩ ወሬ እዛ አጥር ላይ ነው የሚሰፋው። ብልግና ሲያወሩ እኔን ያስወጡኛል፣ እኔ በመስኮት እመለሳለሁ።

የዛን ቀን አጥሩ አልተደበደበም። በሩ ተንኳኳ። እትዬ ብርዙፍ ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል።

«እንደምን አደሩ» አሉ።

እማ ከኋላዋ ማን እንደቆመ ለማየት ዞረች።

10.

እርስዎ።

11.

ከዛ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ እርስዎ አላት። እማ ስትገባ ይነሳሉ። ወሬ ያቆማሉ። የታመመ ልጅ ያመጡና ይዳብሱልን ይሏታል። አንዷ ሙሽራ ቬሎዋን ይስፉልኝ ብላ መጥታ፣ እማ ስትለካት መርፌ ወጋት፤ ተባረክሁ ብላ ሄደች።

እትዬ ብርዙፍ ሲመጡ ስለ መፅሃፍ ቅዱስ ብቻ ይጠይቃሉ። ማን ከማን ጋር እንደታየ፣ ማን ባሏን በምን እንደመታችው፣ አንድ የለም። እማ ራሷ ወሬ ልትጀምር ስትል እትዬ ብርዙፍ ወዳጄ ሊፈትኑኝ ነው ብለው መሬት መሬት ያያሉ።

ለምን አትነግሪያቸውም ስላት ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «በመጀመሪያው ቀን ብናገር ቀልድ ነበር» አለችኝ። «አሁን ግን አፈሩን በመሃረብ ቋጥረዋል። እኔ ውሸት አልተናገርኩም ምንቴ። ውሸት ሆኜ ቁጭ አልኩ እንጂ።»

12.

(እዚህ ጋ ስለ ቱታው ነበር። ሳነብላት እማ አስጠፋችኝ።)

13.

ስለ ሮለሩ የነገርኳት ላስቃት ብዬ ነው። ማስታወቂያውንም ነገርኳት፤ ሳቀች፣ ከዛ በጫማ መታችኝ። ከዛ ጫማው እጇ ላይ እንዳለ ጠየቀችኝ።

«ወገብ ይፈታል?»

ይላሉ አልኳት።

«ወድቆ መነሳትስ?»

ሔርሜላን ጠይቂ አልኳት። ጫማዋን አጠለቀች። ሁዳዴ ሊገባ ነበር። ዘንድሮ በስቅለት ከሰው እኩል ወድቃ ከሰው እኩል ከተነሳች ቅድስናው ይቀርላታል፣ እንደማንኛውም ሴት ትሆናለች፤ የሷ ሂሳብ ይሄ ነው። ካልተነሳች ግን አለቀ።

«ብርዙፍን በቁሟ ቀበርኳት ማለት ነው» አለች። «ካንተ በቀር አንቺ የሚለኝ ሰው የለኝም። አባትህም ሞቷል።»

14.

እና ቁጥር አንድ ላይ ያየሃት እናቴ እንደዛ ነው የመጣችው።

ቢረሳው ጥፋታቸው ምንድነው ሲለኝ ጎረቤታችን ናቸው አልኩት። እናቴ ናት ለማለት መስታወቱ በዛብኝ። እማ ሰምታለች። ሮለሩ ላይ እንዳለች አንገቷን ቀና አደረገችና «ጎረቤቱ ነኝ የኔ ልጅ» አለችው፣ «በአንድ ማህፀን በኩል።»

ጂሙ በሳቅ ፈረሰ። ሔርሜላም ሳቀች።

አፈርኩ። መጀመሪያ በሷ። ከዛ በራሴ።

15.

አንተም ሞክረው።

መሬት ላይ ተቀመጥ፣ እግርህን ዘርጋ። ሮለሩን ጭንህ ስር አስገባ።

እጅህን ወደኋላ ተክለህ ቂጥህን አንሳ።

ከጉልበትህ በላይ እስከ ታፋህ፣ ቀስ ብለህ ተንከባለል።

የሚያምህ ቦታ ስትደርስ አትሽሽ። እዛው ቁም። ተንፍስ።



ተንፍስ።



ሔርሜላ ይሄን ስትላት፣ እማ «ሸሽቼ የት እሄዳለሁ የኔ ልጅ፣ የሚያመኝ ጎረቤቴ ናት» አለቻት። ሔርሜላ የጡንቻ ስም መስሏት መፅሃፏን ገለጠች።

16.

አሁን የሚመጣውን አልጠበቅኩም።

እማ ጂም መመላለስ ስትጀምር ሴቶች መጡ። ማስታወቂያ የለም፣ ምንም የለም። እትዬ አፀደ የሚተኙበት ቦታ አለ ተባለ። አንዷ ሮለሩን ስማ ነው የተኛችበት። አንዷ ጥሬ ሽምብራ ይዛ መጥታ ለጂሙ ስለት ነው ብላ ኮች ዳኘውን አስታቀፈችው። ሔርሜላ ሴት ሞላላት፣ ደስታዋን አልቻለችም። እማ ግን ሴቶቹ ወለሉ ላይ ተደርድረው እሷ በዞረችበት ሲዞሩ አይታ «ጉዴ ፈላ» አለች በጆሮዬ። «ልቀንስ መጥቼ ጨመርኩት።»

17.

ልኬቱ።

መሬት ላይ ትቀመጣለህ፣ ጉልበት ማጠፍ የለም፣ እጅህን ወደ እግርህ ጣት ትልካለህ። ሔርሜላ በሜትር ትለካለች። ከዛ ሮለር። ከዛ ደግሞ ልኬት።

ቢረሳው፦ በሬ የሚያህል ብረት ያነሳል። እጁ ቅልጥሙ መሃል ቆመ። ከሮለሩ በኋላ ትንሽ ወረደ።

እኔ፦ ጉልበቴን በጣቴ ጫፍ። ሔርሜላ ሜትሩን ደግማ አየችው፣ በተገላቢጦሽ የያዘችው መስሏት። «የስንት አመት ሰው ነህ?» አለችኝ። ከሮለሩ በኋላ ጉልበቴን አለፍኩ። አጨበጨቡልኝ፣ ማጨብጨባቸው ነው የባሰው።

ሴቶቹ፦ ብዙዎቹ ቁርጭምጭሚት። ከሮለሩ በኋላ ጣት የነካች አለች።

እማ፦ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ ከቢረሳው ፊት። ከሮለሩ በኋላ ቁርጭምጭሚቷን ጨበጠች። ይዛው ቆየች፣ የጠፋ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው።

ቢረሳው ተሸነፍን ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። ሔርሜላ ግጥሚያ አይደለም አለችው። ሴቶቹ ከመነሻውም ቀድመውን ነበር፤ ሮለሩ የጨመረው ግን ለወንዱም ለሴቱም ተቀራራቢ ነው። ወንድ ነህ ብሎ አያዝንም፣ ሴት ነሽ ብሎ አያዳላም። እኛ ጂም ውስጥ እንግዲህ እንደዛ ሆነ፤ የሌላውን ሌላው ይናገር። ስጋው ስለቀለጠም አይደለም አለች። ህመሙን ሲለምደው ነው አለች ሰውነት የሚለቀው።

እማ ለኔ ስንት ቀን ይቆያል አለች።

ሔርሜላ ሜትሩን እየጠቀለለች አንገቷን ደፋች። ቀን አይቆይም። ሲበርድ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ከቆየ የሚቆየው ሳያቋርጡ ለብዙ ጊዜ ሲሰሩት ነው፣ እሱም ትንሽ ትንሽ ነው።

«እንደኔ ንስሃ ነው በይኛ» አለች እማ፣ «እስከ በር።»

18.

ስቅለት።

ጠዋት ቤት ውስጥ ተንከባለለች። መንገድ ላይ ግን መብረዱ አይቀርም ብዬ ሮለሩን ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ ተሸከምኩት። የቤተክርስቲያኑ ዘበኛ ምንድነው ቢለኝ መደገፊያ ነው አልኩት፤ አልዋሸሁም።

ግቢው ውስጥ ወንድና ሴት እንዳይቀላቀል መሃል ለመሃል ገመድ ተወጥሯል። ሴቶቹ በቀኝ፣ እኛ በግራ። ከመለያየታችን በፊት ለእማ ምልክት እንስራ አልኳት። ከተቆለፍሽ ጣትሽን አንሺ፣ መጥቼ አነሳሻለሁ።

አልፈለገችም። «በእግዜር ፊት ጥቅሻ የለም» አለች። «አንዴ ዋሽቼዋለሁ።»

19.

ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ልሟሟቅ አለች። ከፀበሉ ታንከር ጀርባ ወሰድኳት። ሮለሩን አነጠፍኩ፣ ነጠላዋን ጋረድኩላት፣ ተኛችበት። መንገድ ጠባቂ እኔ ነኝ። ደካማ ጠባቂ ነኝ።

እትዬ ብርዙፍ ጀሪካን ይዘው ብቅ አሉ።

እትዬ ብርዙፍ፦ ይቅር ይበሉኝ። ፀሎትዎን አቋረጥኩ።

እማ፦ ፀሎት አይደለም ብርዙፍ። ወገቤን እያሸሁ ነው።

እትዬ ብርዙፍ፦ እሺ።

እማ፦ ካላሸሁት መነሳት አልችልም። ስሚኝ። አምናም አልተመሰጥኩም። ተቆልፌ ነው። አንሱኝ ማለት አፍሬ ነው እንደዛ የቆየሁት። ያለቀስኩት አሞኝ ነው።

እትዬ ብርዙፍ፦ (ጀሪካኑን አስቀምጠው)

እማ፦ አንቺን ነው የማወራው፣ አንቺ ቀውስ።

እትዬ ብርዙፍ፦ (እያለቀሱ) ትህትና ማለት እንዲህ ነው። እኛ ትንሽ ብንሰግድ አገር እናስወራለን፣ እርስዎ ግን የተሰጠዎትን እንኳ ይደብቃሉ።

እኔ ጣልቃ ገብቼ እውነቷን ነው እትዬ አልኳቸው። አንተ ደግሞ የእናትህን ክብር መች ታውቅና አሉኝ። ሮለሩን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ስመው ሄዱ።

እማ መሬት ላይ እንዳለች ወደኔ ዞረች።

«አየህ? እውነቱም አልሰራም።»

20.

ስለዚህ የቀረው መነሳት ብቻ ነው።

21.

ኪርያላይሶን።

ወደቁ፣ ተነሱ። እማም። ከወንዶቹ በኩል ሆኜ የኔ ስግደት በአንድ አይን ነው፤ አንዱ አይኔ መሬት፣ አንዱ ገመዱን አልፎ።

ወደቀች፣ ተነሳች። እግሯ አልተንቀጠቀጠም። ቢረሳው አጠገቤ ነው፣ በሹክሹክታ «ሮሎው ሰራ» ይለኛል። ወደቀች፣ ተነሳች። ፀሃዩ እየከረረ መጣ። ሴቶቹ ጎን ለጎን ሆነው በነጠላቸው ስር ያዩዋታል። ዘንድሮ መች ነው የምትመሰጠው እያሉ እየጠበቁ ነው። እትዬ ብርዙፍ ከሷ ቀጥሎ ናቸው። እማ በተነሳች ቁጥር ወደሳቸው ዞር ትላለች። በቃ፣ ያየሻት እኔ ነኝ፣ እንዳንቺ ነኝ፣ የምትል ትመስላለች። እትዬ ብርዙፍ ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ። ማመን እየጀመሩ ነበር እላለሁ። ወይም ቅር እያላቸው።

ወደቀች፣

ተነሳች።

ወደቀች፣



ተነሳች።

ወደቀች፣







22.

ሁሉም ቆሟል።

23.

ሔርሜላ ነግራናለች፤ ሲበርድ ይመለሳል።

ግን ሰው ዝም ብሎ ሊፀልይም ይችላል። እናቴ መፀለይ ታውቃለች። አሁን ሄጄ ብጎትታትና እየፀለየች ቢሆንስ? ዝም ብላትና ተቆልፋ ቢሆንስ? ጣቷን አየሁ። ጣቷ መሬት ላይ ተዘርግቷል። አልተነሳም። አላነሳም ብላለች።

ከሴቶቹ መሃል አንዷ «ጀመራት» ስትል ሰማሁ።

መሃረብ አወጣች።

24.

ገመዱን ልሻገር እግሬን አነሳሁ።

ወገቤ ድረስ የተወጠረ ገመድ ነው። አንድ እግሬ አለፈ። ሁለተኛው እንቢ አለ። ታፋዬ እንደ ድንጋይ ደረቀ፣ ጅማቴ ተያዘ፣ በቅሎ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ገመዱ ላይ ቀረሁ። አንድ እግሬ ሴቶቹ ጋ፣ አንድ እግሬ ወንዶቹ ጋ፣ በስቅለት፣ በኪርያላይሶን መሃል። ቢረሳው ከኋላ ይጎትተኛል። አንድ ዲያቆን ምን ሆነህ ነው ይለኛል። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ።

አፈርኩ ልበል? ቃሉ አለቀብኝ።

«እማ» ብዬ ጠራሁ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እማ ብቻ አልዞረችም።

እትዬ ብርዙፍም ዞረው አዩኝ። ገመዱ ላይ የተንጠለጠለውን የቀውሷን ልጅ አዩ። ከዛ መሬት ላይ ያለችውን አዩ። የእማን ወገብ፣ የእማን ክርን፣ መሬት ቆንጥጦ የያዘውን ጣቷን። ደጋግመው አዩ። ከዛ አጠገቧ ተንበረከኩ፤ መሃረብ የያዘችውን ሴትዮ በክርናቸው ገፍተው።

ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉና አንድ ቃል ተናገሩ።

25.

አልሰማሁም። ኪርያላይሶኑ ግቢውን ሞልቶታል።

ቃሉ ግን ከሁለት አንዱ ነው። አሁን አንተ ራስህ በላቸው፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ መስታወት ካለህ በመስታወት።

ተነሺ። ከንፈርህ ወደ ጎን ይሸሻል።

ይነሱ። ከንፈርህ ይሾላል።

ልዩነቱ ይሄው ነው። ከሩቅ በከንፈር ይታወቃል። እኔ ገመዱ ላይ ሆኜ ከንፈራቸውን ብቻ ነበር የማየው። እትዬ ብርዙፍ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጎትተውት ነበር።

የእማ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሰው ሲያለቅስ ትከሻው እንደዛ ነው። ሰው ሳቁን አፍኖ ሲይዝም እንደዛ ነው።

26.

እትዬ ብርዙፍ፦



እማ፦